ስትርቅ ዳነ

ጸደንያ ቀለሙ እንደ ወትሮዋ ከአባቷ በኋላ ተነሣች። ሻይ አፈላች፤ ትናንት የተረፈውን ዳቦ ቆርሳ በሳህን አድርጋ ከሸማ መሥሪያው አጠገብ አስቀመጠች። ጋሽ ቀለሙ እግሮቻቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ማመላለስ ከጀመሩ ቆይተዋል።

«ዛሬም ቀደሙኝ» አለቻቸው።

«ሽማግሌ ምን እንቅልፍ አለው። ይልቅ ሻዩን ሳይቀዘቅዝ ጠጪ፣ የቢቸና ብርድ ባዶ ሆድ ይወዳል።»

ቆማ ጠጣች። ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች፤ ገለባ የጫኑ አህዮችን አሳልፋ፣ ወደ ደጀን ለሚወርደው አውቶቡስ ሰው ከሚጣሩት ረዳቶች መካከል ሾልካ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ደረሰች። የብረት መዝጊያውን ወደ ላይ ገፋች፤ ነጭ ጋዋኗን ለበሰች። የመጀመሪያው ደንበኛ የክኒኑን ስም የማያውቁ ሽማግሌ ነበሩ።

«ያን ቢጫውን ስጪኝ።»

«ቢጫ ብዙ ነው፣ አባቴ። ምንዎን ነው የሚያምዎ?»

«የሚያመኝማ ከቢጫውም ይበዛል። አንቺ ብቻ ቢጫውን ስጪኝ።»

ይህ ሁሉ የሁልጊዜ ነው። ስልኩም የሁልጊዜ ነበር። ሞጣ ላይ ፊዚክስ የሚያስተምረው ባንተአምላክ ክፍል ከመግባቱ በፊት ይደውልላታል፤ እሷም ሰላምታ ሳታስቀድም ትጠይቀዋለች።

«ልብህ እንዴት አደረች?»

«ስምሽን እየጠራች።»

«ፈጥና ነው ወይስ ቀስ ብላ?»

«ቀስ ብላ። እስከ ቢቸና ሩቅ ነው፣ ብቸኩልም አልደርስ ትላለች።»

ይስቃሉ። ቀልዱ የፍርሃታቸው ክዳን መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዳቸውም ክዳኑን አያነሡትም።

በዚያ ጠዋት ግን ስልኩ በሰዓቱ አልጮኸም። ቆይቶ ሲጮኽ የደወለችው እኅቱ ማስተዋል ነበረች።

«ጸዲ፣ እንዳትደነግጪ።»

እንዳትደነግጪ የሚል ሰው አስቀድሞ ራሱ የደነገጠ ነው። ጸደንያ በእጇ የያዘችውን ዕቃ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ወደቀ?»

«ሲያስተምር። አርፍዶ ሮጦ ገብቶ ነበር፤ ጠመኔውን እንደያዘ ወደቀ። አሁን ነቅቷል፣ ተቀምጦ ይስቃል እኮ! ተማሪዎቹን ‹የስበትን ሕግ በተግባር አሳየኋችሁ› አላቸው አሉ።» ማስተዋል ልትስቅ ጀምራ ድምፅዋ ተሰበረ። «እማዬ ግን... ዛሬም ከልጅቷ ጋር አውርቶ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች።»

ትናንት አውርተው ነበር። በየቀኑ ያወራሉ። ያ መልስ ሞጣ ሲደርስ ምን ተብሎ እንደሚተረጎም ታውቃለች። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ስልክ በተናገረችው የፍቅር ቃል ሁሉ አፈረች።

*

ባንተአምላክ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ወድቋል።

የመጀመሪያው እዚሁ ቢቸና፣ በጋሽ ቀለሙ ቤት ነበር። ሽማግሌ ሊልክ ማሰቡን ለአባቷ ሊያሳውቅ በመጣበት ቀን፣ ምሳ ቀርቦ፣ ጸደንያ ያጎረሰችውን ሳይውጥ ከመቀመጫው ተንሸራተተ። ተንበርክካ የእጁን አንጓ ያዘች። ምቱ አለ፤ ግን በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ዝምታ ያስፈራ ነበር። ዕለቱን ሆስፒታል አደረሰችው። ኋላም አዲስ አበባ ድረስ አብራው ሄደች። የልብ ሐኪሙ ነገሩን ሳይሸፋፍን ነገራቸው። የልቡ ጡንቻ ደኅና ነው፤ ምቱ ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚተላለፍበት መስመር ግን ተቋርጧል። ክኒን አይቀጥለውም። ፔስሜከር የሚባለው ትንሽ መሣሪያ ከደረቱ ቆዳ ሥር መቀበር አለበት።

«አምፖሉ ደኅና ነው፣ ሽቦው ነው የተቆረጠ» አለ ባንተአምላክ ሲወጡ። «ይህን እኮ ለዘጠነኛ ክፍል አስተምረዋለሁ።»

አውቶቡሱ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ወደ ደጀን ሲወጣ ግን ቀልዱ አለቀበት። ራሱን በትከሻዋ ላይ አሳረፈ።

«ከበሮውስ?» አለ።

ከልጅነቱ ጀምሮ በበዓል ከበሮ የሚመታ ሰው ነው። ማንገቻው የሚያርፈው ትከሻው ላይ ነው፤ መሣሪያው የሚቀበረው ደግሞ ከዚያው ትከሻ ዝቅ ብሎ ነው።

«ሐኪሙ ቁስሉ ሲድን ትመለስበታለህ ብሎሃል እኮ። እስከዚያ ብቻ ታገሥ።»

«አንቺ ካለሽ እታገሣለሁ።»

በዚያ መንገድ ላይ ደስተኛ ነበረች። በኋላ ስታስበው ከሁሉ የሚያሳዝናት ይህ ሆነ። የታመመ ሰው ትከሻዋን ተደግፎ ደስተኛ ነበረች።

ሁለተኛ የወደቀው ሞጣ ነው፤ ለጊዮርጊስ በዓል እንግዳ ሆና በሄደችበት ቀን፣ እናቱ ግቢ ውስጥ፣ ገና ሰላም ተባብለው ሳይጨርሱ።

ሁለቱንም ጊዜ ጸደንያ ነበረች። ሐኪሙ ያየው የልብ ምርመራ ለሞጣ ሰው ምኑም አይደለም፤ የእሷ መኖር ግን ወዲያው ተወራ። የባንተአምላክ አባት የተከበሩ መሪጌታ ነበሩ፤ አያቱም የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው። ጸደንያ የሸማኔ ልጅ ነች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ በማዕረግ ብትመረቅም በዚያ ግቢ የባለእጅ ልጅ ነች። ስለ ባለእጅ ከጥንት የሚወራ ነገር አለ። ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል ይባላል። ከቤታቸው የቀመሰ ይታመማል ይባላል። በፊቷ ማንም ብሏት አያውቅም። ስትገባ ግን ልጅ የታቀፉ ሴቶች ነጠላቸውን ሳብ አድርገው የሕፃኑን ፊት ሲሸፍኑ አይታለች።

አሁን የቀዶ ሕክምናው ወረፋ ደርሷል። ባንተአምላክ «እናቴ ሳትመርቀኝ ቢላዋ ሥር አልተኛም» ብሏል። የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ያለ ምርቃት መንገድ እንኳ አይጀምርም። እናቱ ደግሞ አልመርቅም ብለዋል። የልጃቸው ሕመም ከሰው ዓይን ነው፤ ለዓይን ቢላዋ ምን ያደርጋል?

*

በማግሥቱ ጸደንያ ሞጣ ሄደች።

ወይዘሮ ይርጋነሽ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። የንስሐ አባታቸው መምሬ ሀብተ ሥላሴ ከጎናቸው ናቸው፤ ማስተዋል በር አጠገብ ቆማለች። ባንተአምላክ ጋቢውን ደርቦ ግድግዳ ተደግፏል። ፊቱ አመድ መስሏል። ዓይኑ ግን ጸደንያ ስትገባ በራ፤ ለአፍታ በራና እናቱን ሲያይ ጠፋ።

«ደግሞ መጣሽ» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ።

«መጣሁ፣ እማማ። እንዴት ሰነበቱ?»

«እኔማ እግዜር ይመስገን። ልጄ ነው ያልሰነበተ።»

መምሬ መስቀላቸውን አሳለሟት። «ተቀመጪ፣ ልጄ። እስኪ ይህን የሚሉትን ነገር በሚገባን ቋንቋ ንገሪን።»

ነገረቻቸው። ከግራ የአንገት አጥንቱ ሥር ትንሽ ይቀደዳል። ቦታው ይደነዝዛል እንጂ እንደ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ፍጹም አይተኛም። ቀጭን ሽቦ በደም ሥሩ ውስጥ እስከ ልቡ ይገባል፤ ሌላው ጫፍ የክብሪት ቀፎ ከምታህል መሣሪያ ጋር ይያያዛል። ልብ በራሷ ስትመታ መሣሪያው ዝም ይላል። ስትዘገይ ብቻ ይቀሰቅሳታል።

«ባትሪ ነው በይኛ» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ።

«ባትሪ አለው። ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ሲያልቅ ይቀየራል።»

«እንደ እጅ ባትሪ!»

«አዎ፣ እማዬ፣» አለ ባንተአምላክ፣ «ብቻ የሚያበራው እኔን ነው።»

«አንተ ዝም በል! ቀልድ ነው እዚህ ያደረሰህ።» ወደ መምሬ ዞሩ። «እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ቀኑ የደረሰ ዕለትስ? ነፍሱ ልትወጣ ስትል ይህ ብረት አለቅም ቢላትስ? ልጄ ከሞቱም ከሕይወቱም ሳይሆን ተንጠልጥሎ ሊቀር ነው?»

ማንም አልሳቀም። ጸደንያ ይህን በተማረችበት ቤት ማንም ሲጠይቅ አልሰማችም፤ ቢሆንም ከሰማቻቸው ጥያቄዎች ሁሉ የእናት የሆነው ይህ ነው ብላ አሰበች።

«አይዛትም፣ እማማ። መሣሪያው ልብን ይጠራል እንጂ አያስገድድም። ልብ ራሷ መመለስ ያቃታት ቀን ጥሪው ብቻውን ምንም አያደርግ።»

«ነፍስ የምታስር ሽቦ አልተሠራችም፣ ይርጋነሽ» አሉ መምሬም።

ወይዘሮ ይርጋነሽ ልጃቸውን ተመለከቱ። ከዚያ የመጨረሻውን ጠየቁ።

«በዚያ ቢላዋ ይሞታል?»

ሌላ ሰው ቢሆን «ክፉ አይንካው» ብሎ ያልፋል። በዚህ አገር ሞት በታማሚ ፊት በስሙ አይጠራም፤ ጸደንያም ታውቃለች። ግን ባንተአምላክ እያያት ነበር። በገላው ላይ የሚሆነውን ማወቅ ይገባዋል ብላ አመነች፤ የምትወደውን ሰው ልትዋሸው አልፈለገችም።

«ብዙው ሰው በሰላም ይወጣል። ግን ደም ሊፈስ ይችላል። ሳንባው በመርፌ ሊነካ ይችላል። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ መሣሪያው ይወጣል። ሽቦው ከቦታው ሊንሸራተት፣ እንደገና ሊሠራ ይችላል። አልፎ አልፎ፣ በጣም አልፎ አልፎ፣ ሰው ይሞታል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሳይሠራ ከቀረ ግን አንድ ቀን ወድቆ አይነሣም።»

ወይዘሮ ይርጋነሽ ከመደቡ ተነሡ።

«ሰማችኋት? ሞቱን አንድ በአንድ ቆጠረችው! እፊቱ!»

«እማዬ፣ ጠይቀሻት እኮ ነው» አለች ማስተዋል።

«ጠየቅሁ! አይሞትም ትላለች ብዬ ጠየቅሁ። የሚወድ ሰው እንዲያ ነው የሚል።»

ጸደንያ ወደ ባንተአምላክ ተመለከተች። አንድ ቃል ጠበቀች። እሱ ዓይኖቹን የጋቢው ጥለት ላይ ጥሎ ቀረ። ያን ሁሉ እውነት የተናገረችው ለእሱ ነበር፤ ተናግራ ስትጨርስ ብቻዋን ነበረች።

*

ልትሄድ ስትል ወይዘሮ ይርጋነሽ እስከ አጥሩ ተከተሏት። ከቤት ሲወጡ ቁጣቸው እዚያው ቀርቶ እርጅናቸው ብቻ ተከተላቸው።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አሉ።

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«አባትሽን ሸጋ ሰው ናቸው ይሏቸዋል። አንቺም አስበሽ አደረግሽው አልልም። ዓይን ባለቤቱ ሳያዘው ይሄዳል።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ወንድ ልጄ አንድ ነው። ራቂልኝ። እንዳትደውዪ፣ እንዳትመጪ፤ መንገድ ላይ እንኳ ቢያልፍ እንዳታዪው። ያን ጊዜ እመርቀዋለሁ። ይዤው የምሄድም ራሴ ነኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪድን።»

ጸደንያ ቃሉን በልቧ መዘነችው። ቀላል መሰላት። ቁስል ይሽራል፣ ሽቦው ቦታውን ይይዛል፣ ሰውየው በእግሩ ይመጣል፤ ለአንድ ሰው ዕድሜ ይህች ምን አላት?

«እኔም አንድ ልለምንዎ። ከተሠራ በኋላ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ግራ እጁን ከትከሻው በላይ አያንሣ። ከባድ አይሸከም፤ ከበሮም አይንካ፣ አይስገድም። እጁ እንዳይደርቅ ግን ዝቅ እንዳለ ያንቀሳቅሰው፣ አይታሰር። ቁስሉ እስኪሽር ጠበልም ቢሆን ውኃ አይንካው። ትኩሳት ወይም መግል ካያችሁ ሐኪም ጋ ሳትወስዱት አትደሩ።»

«ጠበል ክፉ ነው ልትዪኝ?»

«ጠበል ክፉ አይደለም። እርጥብ ቁስል ነው ክፉ። ይማሉልኝ፣ እማማ።»

«በማን ልማልልሽ?»

«በእሱ።»

ማሉ። እሷም ማለች። ሁለት ሴቶች አንድ ሰው ለማትረፍ አጥር ሥር ተማማሉ፤ አንዳቸውም ሌላዋን አላመኑም።

ባንተአምላክ በሩ ላይ ቆሞ ያያቸው ነበር። ወደ እሱ ተመለሰች።

«እስክትድን አልመጣም፣ አልደውልም» አለችው። «ጠልቼህ እንዳይመስልህ። ይህን ብቻ ያዝልኝ።»

«ማን አዘዘሽ? እሷ ናት?»

«ልብህ ናት።»

የእጁን አንጓ ያዘች። መታች። ከዚያ ያ ዝምታ መጣ። ደግሞ መታች። እጁን ለቀቀች፤ ዝምታው ግን ጣቷ ላይ ቀረ፣ እስከ ቢቸና ድረስ አብሯት ተጓዘ።

*

«ማልሽላቸው?» አሉ ጋሽ ቀለሙ፣ መወርወሪያውን አቁመው።

«ማልሁ። ሊመርቁት ነው።»

«ርቀሽው ከዳነስ?»

«እንዲድን እኮ ነው፣ አባባ።»

«የምልሽን አልሰማሽም። ርቀሽው ከዳነ፣ ምን አዳነው ሊባል ነው?»

ጸደንያ ቆማ ቀረች። ስለ ደም፣ ስለ ሳንባ፣ ስለ ሽቦው አስባ ነበር። ይህን አላሰበችም። መማሏ በራሷ ላይ መመስከር ነበር።

«ያሉትን ይበሉ» አለች በመጨረሻ። «ይኑር ብቻ። እሱ ያውቃል። ኤሌክትሪክ የሚያስተምር ሰው እኮ ነው።»

«ሰው የሚያውቀውና የሚፈራው ለየቅል ነው፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፤ ወደ ሥራቸውም ተመለሱ።

ከሞጣ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና በቢቸና ያልፋል። በጉዞው ጠዋት ጸደንያ ከመድኃኒት መደርደሪያው ኋላ ቆመች። እንዳታየው ምላለች፤ እግሯ ግን አልታዘዛትም። ሚኒባሱ አህዮች አላሳልፍ ብለውት ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ቆመ። ባንተአምላክ በመስኮቱ በኩል ነበር። ዓይኑ በሩን ፈለገ፣ መስታወቱን ፈለገ፣ አገኛት። ፈገግ ሊል ሲል እናቱ ጋቢውን ከትከሻው አንሥተው ፊቱን ሸፈኑት።

ጥለቱን ከሩቅ ለየችው። አባቷ በዚያ የመጀመሪያ ጉብኝት የሰጡት ጋቢ ነው። ወይዘሮ ይርጋነሽ ልጃቸውን ከሸማኔ ልጅ ዓይን የጋረዱት በሸማኔው በራሱ ሥራ ነበር። እሳቸው አያውቁም። ባንተአምላክ ያውቃል።

ጋቢውን አልገለጠም።

ደክሞት ነው አለች በልቧ። የታመመ ሰው ነው፣ ደክሞት ነው። መኪናው ከዓይኗ እስኪጠፋ ይህንኑ ደጋገመችው፤ ስትደጋግመው ግን እያጠራጠራት ሄደ።

*

«ወጣ! ጸዲ፣ በሰላም ወጣ!»

ማስተዋል ደውላ ይህን ስትላት ጸደንያ ሁለቱ መደርደሪያዎች መካከል መሬት ላይ ተቀመጠች። ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ከውጭ አንድ ደንበኛ ባንኮኒውን ይመታል። «ኧረ ሰው የለም ወይ?»

«አለ» አለች፤ ዓይኗን በጋዋኗ ጠርጋ ተነሣች።

ከዚያ በኋላ ዜናው በማስተዋል በኩል ይመጣ ነበር። ቁስሉ አብጧል፣ ጠቁሯል፤ ሐኪሙ ያለ ነው ብሎታል። እብጠቱ ጎድሏል። መሣሪያውን እንዳይረብሽበት ስልኩን በግራ የደረት ኪሱ መያዝ ትቷል። እናቱ መሐላቸውን ጠብቀዋል። እግሩ ሥር ይተኛሉ፤ ጠበል ይዘው የሚመጡትን «ሲሽር፣ ሲሽር» እያሉ ከደጅ ይመልሳሉ፤ እጁን ከትከሻው በላይ ሊያነሣ ሲል እንደ ሕፃን ይቆጡታል። ጸደንያ ይህን ስትሰማ ሴትዮዋን ወደደቻቸው። መውደዷ ራሱ አሳመማት።

ባንተአምላክ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ። ደም ፊቱ ላይ ወጣ። አልወደቀም።

አንድ ቀን ከሞጣ የመጣች ነጋዴ የሳል ሽሮፕ ልትገዛ ገባች። ወሬ የምትወድ ሴት ነች። ጸደንያ መድኃኒቱን እስክትጠቀልል አላስቻላትም።

«እኛ አገር አንድ አስተማሪ ቡዳ በልቶት ሊሞት ነበር። እዚሁ ቢቸና ናት አሉ ሴትዮዋ። ኋላ እናቱ አስምላ አራቀቻት። ራቀችው፣ ዳነ!»

«ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል አይደል እንዴ?» አለች ጸደንያ። «ባትሪ ገብቶለት።»

«ባትሪውማ ሰበብ ነው፣ እኅቴ! ባትሪ ቡዳ ያስለቅቃል?» ሴትዮዋ ሽሮፑን ተቀበለች። «እጅሽ ይባረክ» ብላት ወጣች።

ጸደንያ እጆቿን ተመለከተች። የተባረከችው ሳትታወቅ ስለሆነ ብቻ ነው።

*

ባንተአምላክ የመጣው ለመጨረሻ ምርመራ ሄዶ ሐኪሙ ካሰናበተው በኋላ፣ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ነው። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ስታየው ወዲያው አላወቀችውም። ወፍሯል። ጉንጩ ቀልቷል።

«ልብህ እንዴት አደረች?» አለችው።

«ነይና ጠይቂያት።»

አንጓውን ያዘች። መታች፣ መታች፣ መታች። እንደ አባቷ መወርወሪያ ሳይዛነፍ ይመጣል ይሄዳል። ያ የሚያስፈራው ዝምታ የለም። ደንበኛ እያያት መሆኑን ረስታ እጁን ግንባሯ ላይ አደረገች። ያ ሁሉ ጊዜ ለዚህ ነው፣ ለዚህ ነው አለች በልቧ።

ቤት ይዛው ሄደች። ጋሽ ቀለሙ ከጉድጓዳቸው ወጥተው አቀፉት። ምሳ ቀረበ። በዚያን ቀን በተቀመጠበት በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«በል ቅረብ» አሉ ሽማግሌው። «የዚያን ዕለት ሳትጨርስ የተውኸው ምሳ እስካሁን ይጠብቅሃል።»

ባንተአምላክ ሳቀ። «በልቼ ነው የመጣሁ፣ ጋሽ ቀለሙ። ደጀን።»

«ደጀን የበሉት ቢቸና ይደርሳል? አንድ ጉርሻ። በሞቴ!»

ሽማግሌ በሞቴ ብሎ የለመነውን ምግብ የጠገበም ሰው ይቀምሳል። ባንተአምላክ አማተበ። ቀኝ እጁን ሰደደ። እጁ ከሳህኑ በላይ ቆመ፤ ግራ እጁ ሳያስበው ተነሥቶ ደረቱ ላይ፣ መሣሪያው በተቀበረበት ላይ ተከደነ። ሕፃን የታቀፈች ሴት ነጠላዋን እንደምትስበው።

ጸደንያ አየች።

«ፈራህ» አለችው።

«አልፈራሁም።»

«ባንቴ፣ ተመልከተኝ።»

«ፊዚክስ ነው የማስተምረው፣ ጸዲ! ሽቦው የት እንደገባ አውቃለሁ። ስንት ቮልት እንደሚሰጥ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ብላ።»

እጁ አልተንቀሳቀሰም።

«ካንቺ ከራቅሁ ወዲህ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንድ ቀን አልወደቅሁም።»

ቃሉ ከአፉ ወጣ። ሦስቱም ሰሙት። እሱ ራሱ እንደ ሌላ ሰው ንግግር ሰማው።

«መሣሪያው ነዋ!»

«መሣሪያው ነው። አውቃለሁ። ብቻ ይህን ቤት ስገባ፣ ይህን በርጩማ ሳይ... እናቴ እግሬ ሥር እየተኛች፣ ሰው ሁሉ በየቀኑ እየነገረኝ... ጊዜ ስጪኝ። እለምድሻለሁ።»

«ትለምደኛለህ?» አለች ጸደንያ። ድምፅዋ አልጮኸም። «ልብህ ስትዘገይ በጣቴ ይዤ የጠበቅኋት እኔ ነኝ። እንድትኖር ብዬ በራሴ ላይ የማልሁ እኔ ነኝ። አገሩ ሁሉ ራቀችው ዳነ ሲል አልከፋኝም። እሱ ያውቃል እያልሁ ነበር የማድረው። መኪናው ውስጥ ጋቢውን ያልገለጥኸው ደክሞህ ነው ብዬ ነበር። ደክሞህ ነበር?»

ባንተአምላክ እንጀራውን ቆረሰ። ወደ አፉ ሊወስደው ሲል እጁን ያዘችው።

«ተው። ፈርተህ የበላኸው አይስማማህም።»

ጉርሻውን ከጣቶቹ መካከል አወጣችና ሳህኑ ላይ መለሰችው። ጋሽ ቀለሙ «በሞቴ ብዬ ነበር» አሉ ለራሳቸው ያህል፤ ተነሥተው ወደ ሸማ መሥሪያቸው ሄዱ። የመወርወሪያው ድምፅ ግን ለረጅም ጊዜ አልተሰማም።

አውቶቡስ እስከሚቆምበት ሸኘችው።

«ጠዋት እደውላለሁ» አላት አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ።

«አትደውል።»

«ጸዲ!»

«ጠዋት ደውለህልኝ ማታ ራስህን ቢያዞርህ ማንን ልትጠረጥር ነው?»

አይ ሊላት አፉን ከፈተ። ረዳቱ «ሞጣ፣ ሞጣ» እያለ ይጣራል። አይ የምትለው ቃል አልመጣችለትም። ጸደንያ እስኪያገኛት ጠበቀችው፤ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ጠበቀችው።

ባንተአምላክ ደኅና ነው። ያስተምራል። በጊዮርጊስ በዓል ከበሮ መታ አሉ። መሣሪያው ገና ብዙ ዓመት ይቆያል።

ጸደንያ ጠዋት ትነሣለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ መድኃኒት ቤቱን ትከፍታለች። ስልኳን ባንኮኒው ላይ ታስቀምጠዋለች። ልብህ እንዴት አደረች ብላ የምትጠይቀው ሰው የላትም።